ራጁ ያላየው ስብራት



ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት እኅታችን ግራ እጇን በሻርፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ቢሯችን መጣች። የሳሎኑን መስኮት ለመወልወል ወንበር ላይ ወጥታ ሳለ ወንበሩ ከዳት፤ ስትወድቅም እጇን ዘርግታ በመዳፏ ወለሉን ተመረኰዘች። አሠሪዋ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አልጨከነችባትም፤ በዚያው ምሽት ሆስፒታል ወሰደቻት። እኅታችን ራጅ ተነሣች። ሐኪሙም ሥዕሉን በኮምፒውተሩ ላይ አይቶ «ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው» አለና የሕመም ማስታገሻ አዝዞ ሸኛት።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ዐሥረኛው ቀን መጣ፤ እኅታችን የመወልወያ ጨርቅ መጭመቅ፣ ድስት ማንሣት፣ የበር እጀታ እንኳ ማዞር አልቻለችም። ማዳሟም «ሐኪሙ ምንም የለባትም ብሏል፤ ፎቶውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ይህ ሥራ ለመሸሽ ነው» ማለት ጀመረች። ደመወዟ እንደሚቆረጥም ተነገራት። እኛም ብንሆን በልባችን ጥቂት ሳንጠራጠር አልቀረንም። ራጅ «የለም» ካለ ምን ተብሎ ይከራከሩታል?

ከእኛው መካከል በሀገር ቤት ነርስ የነበረች አንዲት እኅት አለች። እርሷ የተጎዳውን እጅ ተቀብላ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀጥ አስደረገችና፣ በአውራ ጣት ሥር፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል የሚታየውን ጎድጓዳ ስፍራ በጣቷ ጫን አለችው። እኅታችን ጮኸች። ነርሷም «ይህ ቦታ እያመመ ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ አይተውም፤ ሄዳችሁ እንደገና አስነሡላት» አለችን።

በ14ኛው ቀን ሁለተኛ ራጅ ተነሣ። በእጅ አንጓ ውስጥ ካሉት ስምንት ትናንሽ አጥንቶች በአንዱ ላይ፣ ሐኪሞች ስካፎይድ በሚሉት፣ ክር የመሰለ ጥቁር መሥመር ወገቡን አቋርጦ ታየ። ተሰብሯል።

የመጀመሪያው ሐኪም አልዋሸም፤ እኅታችንም አልዋሸችም። ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ አጥንት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ቀጭን ስለሚሆን ብዙ ጊዜ በራጅ ላይ አይወጣም። ሰውነት ጥገናውን ሲጀምር ግን በስንጥቁ ዳርና ዳር ያለውን የአጥንት ክፍል ይመጠዋል፤ መሥመሩ ይሰፋል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜም ይታያል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም ያ ጎድጓዳ ስፍራ ካመመ፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እጁን በድጋፍ አስሮ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» ይላል። ኤም አር አይ የተባለው ምርመራ ደግሞ ስንጥቁን ሁለት ሳምንት ሳይጠበቅ ሊያሳይ ይችላል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

ይህ ስብራት ከተረሳ የሚያመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። የዚህ አጥንት ደም የሚገባው ከክንድ በኩል ሳይሆን ከጣት በኩል ተመልሶ ነው። ስብራቱ መንገዱን ሲቆርጠው ወደ ክንድ ያለው ቁራጭ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ከዓመታት በኋላ አንጓው ይደርቃል፣ ያብጣል፣ ሊጥ ማቡካትም ልብስ ማጠብም መከራ ይሆናል። እጅ ደግሞ የእኛ የሁላችን እንጀራ ነው።

ይህን ካየን በኋላ ነው ስለ ራጅና ስለ ሌሎቹ የምስል ምርመራዎች ለመጻፍ የተነሣነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን እኅቶችን ይዘን ሆስፒታል ለሆስፒታል ስንመላለስ፣ ሐኪሞቹንም ስንጠይቅ የተማርነው አለ።

ጥላ የሚያነሣ ጨረር

ራጅ የሚለውን ስም የወሰድነው ከጣልያንኛ ነው፤ «ራጂ» ማለት ጨረሮች ማለት ነው። እዚህ አረቦቹ «አሺዓ» ይሉታል፤ ትርጕሙ ያው ነው። ጨረሩን ያገኘው ሮንትገን የተባለ የጀርመን ሊቅ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. ኅዳር 1895 ነበር። ከወር ከምናምን በኋላ የሚስቱን እጅ በጨረሩ አነሣው፤ ምስኪኗ 15 ደቂቃ ያህል እጇን ሳታንቀሳቅስ ቆየች። አጥንቶቿና የጋብቻ ቀለበቷ በሥዕሉ ላይ ወጡ። ዛሬ ያው ሥራ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ራጅ በእውነቱ ጥላ ነው። ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ አጥንት ብዙውን ይይዝበታል፣ ስለዚህ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አየር አይይዘውም፣ ስለዚህ ሳንባ ይጠቁራል። ሥጋ፣ ጅማት፣ ነርቭ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ እነዚህ ሁሉ ግራጫ በግራጫ ሆነው አንዱ ካንዱ አይለዩም። እንግዲህ ከደረጃ የወደቀች እኅት ወገቧን ራጅ ተነሥታ «ምንም የለም» ስትባል፣ የተባለው «አጥንቱ ላይ የሚታይ ስብራት የለም» ነው። ትራሱ ከቦታው ወጥቶ ነርቭ ቢጫን ራጁ አያውቀውም። «ምንም የለም» እና «በዚህ ሥዕል ላይ ምንም አልታየም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህንን ልዩነት ለአሠሪ ማስረዳት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፣ ሞክረነዋልና። የሚሻለው ሐኪሙ ራሱ ለማዳሟ እንዲነግራት መጠየቅ ነው። የሐኪም ቃል ይሰማል።

ብዙዎቻችሁ «ጨረሩ መካን ያደርጋል ይባላል፣ እውነት ነው?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጨረር ሁሉ ከዜሮ የሚቈጠር አይደለም፤ ያለ ምክንያት መነሣት አይገባም። ግን መጠኑን እንይ። ሰው ሁሉ ከአፈር፣ ከአለት፣ ከሰማይም በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሲቨርት የሚደርስ ተፈጥሯዊ ጨረር ይቀበላል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ያህል ነው፤ ይኸውም በዐሥርና በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቤታችን ተቀምጠን የምናገኘው ማለት ነው። የእጅ ራጅማ ከዚያም እጅግ ያንሳል። እንዲህ ባለው መጠን መካን የሆነ ሰው የለም።

ሹሩባና ሳንባ

የደረት ራጅ ያልተነሣ ከመካከላችን ማን አለ? ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመምጣት ገና አዲስ አበባ ሳለን እንነሣለን፤ ከመጣን በኋላም ለመኖሪያ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ይደገማል። የሚፈለገው በዋነኛነት የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ የምንለው ነው። እንጀራችን በዚያ ሥዕል ላይ ስለተንጠለጠለ ስለ እርሱ ሰፋ አድርገን ብንጽፍ አትሰልቹብን።

አስቀድመን ትንሽ የምትመስል ነገር እንንገራችሁ። ቲቢ አዘውትሮ የሚቀመጠው በሳንባ ጫፍ፣ ከማጅራት አጥንት በታችና በላይ ባለው ስፍራ ነው። ሹሩባ ተሠርታችሁ ጉንጕኑ በትከሻችሁ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ጥላው የሚያርፈው እዚያው ቦታ ላይ ነው! ወፍራም ጉንጕን በራጅ ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ቸኩሎ የሚያይ ዓይን የሳንባ በሽታ ሊያስመስለው ይችላል። ዶቃ ወይም ክር የገባበት ከሆነ ይብሳል። ስለዚህ ወደ ራጅ ክፍል ስትገቡ ጠጉራችሁን ሰብስባችሁ አናታችሁ ላይ እሰሩት። የአንገት ሐብል፣ መስቀል፣ ክታብ፣ የጡት መያዣ ማያያዣው ብረት፣ ደረቱ ላይ ወፍራም ሥዕል የታተመበት ካናቴራ፣ ሁሉም ይውለቁ። ማተባችሁ ክር ብቻ ከሆነ አያስቸግርም፤ ከክሩ ጋር ብረት ካለ ግን ፍቱት፣ ሲወጡ ማሰር ይቻላል። «ትንፋሽሽን ሳቢና ያዢ» ሲባል በሙሉ ሳቡ፤ በአረብኛ «ኹዲ ነፈስ» ይሏችኋል። በግማሽ የተሳበ ትንፋሽ ሳንባውን አጨማድዶ የሌለ ጥላ ያሳያል።

አሁን ወደ ጠባሳው እንምጣ። ቲቢ ታክሞ ይድናል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። ከዳነ በኋላ ግን ቁስል በቆዳ ላይ ምልክት እንደሚተው ሁሉ ሳንባ ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ ጠባሳውም ዕድሜ ልክ በራጅ ላይ ይታያል። አንዳንዷ ጭራሽ መታመሟን ሳታውቅ ጠባሳ ይገኝባታል። አንድ ራጅ ብቻውን ይህ ጠባሳ ነው ወይስ የሚሠራ በሽታ የሚለውን ሁልጊዜ መለየት አይችልም። የሚለየው አክታ ሲመረመር ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ የቀድሞ ራጅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው ጥላ ዛሬም በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ካለ፣ የሚሠራ በሽታ እንዲህ ዝም ብሎ አይቀመጥምና ጠባሳ የመሆኑ ነገር ይጠነክራል።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ነገር የገጠማት እኅት ነበረች። ፈቃዷን ልታሳድስ ስትሄድ «ሳንባሽ ላይ ነገር አለ» ተባለች። በልጅነቷ ታክማ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ፊልም ደሴ በወንድሟ ቤት፣ በቁም ሣጥን አናት ላይ ተቀምጦ ኖሮ፣ በመንገደኛ አስመጣነው። አክታዋ ተመርምሮ ነጻ ሆነ። የራዲዮሎጂ ሐኪሙም ሁለቱን ሥዕሎች አስተያይቶ የቆየ ጠባሳ መሆኑን ጻፈላት። ወረቀቱን ይዘን በተስፋ ሄድን። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግን ሕጉ የቆየ ጠባሳም አይቀበልም ብሎ መለሳት። ሀገሯ ገባች። ይህንን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ቢያንስ ታማሚ ነኝ ብላ ሳትሸማቀቅ፣ ለዳነ በሽታ ሌላ ስድስት ወር መድኃኒት ሳትውጥ ነው የሄደችው። አንዳንዶቻችሁም ገና ከሀገር ቤት ሳትነሡ፣ ለደላላ ብር ሳትከፍሉ ጠባሳ እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁ ማወቁ ይጠቅማችኋል። እኅቶቻችሁ ሊመጡ እያሰቡ ከሆነም ይህንን ንገሯቸው።

ደግሞም ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየባት፣ ሌሊት ላብ የሚያጠምቃት፣ የከሳች እኅት ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብላ አትደብቅ። ፍርሃቱ ይገባናል። ያልታከመ ቲቢ ግን ይገድላል፣ በአንድ ክፍል አብረው የሚያድሩትንም ይይዛል።

ጾመሽ ነይ

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። በጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ድምፁ ከየብልቱ ነጥሮ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ከገደል ማሚቶው ሥዕል ይሠራል። ሆድ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ቅባት ድምፁ አየር እንዳያግደው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ሶናር» ሲሉት ትሰማላችሁ። እርግዝናን ለመከታተል፣ የማሕፀን ዕጢን፣ ኩላሊትን፣ ጉበትን፣ ከሁሉ በላይ ግን የሐሞት ጠጠርን ለማየት የሚወዳደረው የለም።

የሐሞት ጠጠር በእኛ እኅቶች ዘንድ «ጨጓራዬ ነው» እየተባለ ለዓመታት የሚኖር ሕመም ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ተነሥቶ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ፣ ሰዓታት የሚቆይ ቁርጠት ከሆነ፣ የጨጓራ መድኃኒት ከመደራረብ አንድ አልትራሳውንድ ይሻላል። ትኩሳትና የዓይን ቢጫ መሆን ከተጨመረበት ቀን አይሰጥም።

ለዚህ ምርመራ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምንም ሳይበሉ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሰው ሲበላ የሐሞት ከረጢት ይጨመቅና በውስጡ ያለው ጠጠር በደንብ አይታይም። እኛ አንዲቷን እኅት «ጠዋት ጾመሽ ነይ» ብለናት ነበር። መጣች። ሐኪሙ ከረጢቱን ቢፈልግ ቢፈልግ ተጨምቆ አገኘው። «በልተሻል እንዴ?» ብንላት «ኧረ ጾሜ ነኝ፤ ሽሮ ብቻ ነው የቀመስኩት» አለችን። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም ነገር በአፍሽ እንዳይገባ» እንላለን። ማሕፀን ለማየት ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ ብዙ ውኃ ጠጥቶ፣ ሽንት ይዞ መሄድ ነው።

ኩላሊቴን አመመኝ

ሌላም ጥፋት አለብን። የማስተርጎም ጥፋት ነው። አንዲት እኅት «ኩላሊቴን አመመኝ» አለች፤ እኛም ቃል በቃል ለሐኪሙ ነገርነው። ሐኪሙ የኩላሊት አልትራሳውንድ አዘዘ፤ ንጹሕ ሆነ። ሽንት ተመረመረ፤ ንጹሕ ነው። ገንዘቧ ወጣ፣ ሕመሙ ግን ባለበት ነው። ለካስ እኛ ሐበሾች ወገባችንን ሲያመን «ኩላሊቴን» እንላለን! የእርሷ ሕመም ከወገቧ ተነሥቶ በቂጧ አድርጎ እስከ እግር ጣቷ የሚወርድ ነበር፤ ይህንን ግን ማንም አልጠየቃትም። ኋላ ኤም አር አይ ሲነሣ በአከርካሪዋ መካከል ያለው ትራስ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖት ተገኘ። «ልቤን» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ጨጓራ አፍ ነው፤ ሐኪሙ ግን ልብ ሲባል ወደ ልብ ምርመራ ይሮጣል።

ስለዚህ የብልት ስም አትጥሩ፤ በአንድ ጣታችሁ አመልክቱ። መቼ እንደጀመረ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያብሰው ተናገሩ። ሐኪም የትኛው ሥዕል እንዲነሣ የሚወስነው ከዚህ ነው፤ ማሽኑ የተጠየቀውን ቦታ ብቻ ያያል። ሥዕሉን የሚያነሣው ባለሙያና ሥዕሉን የሚያነበው የራዲዮሎጂ ሐኪምም ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን እወቁ። የሚያነሣው ሰው ፊቱን ቢያኮሳትር አትደንግጡ፤ ውጤቱን የሚናገረው እርሱ አይደለም።

ቀለበቱና ዋሻው

ሲቲ ስካን ራጅ ነው፤ ግን በትልቅ ቀለበት ውስጥ እየዞረ ከየአቅጣጫው ያነሣና ኮምፒውተር ሰውነትን እንደ ዳቦ ቈራርጦ ያሳያል። ሃውንስፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሠራው ሲሆን በሰው ላይ መጀመሪያ የተነሣው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከስምንት ዓመት በኋላም የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት። በሊባኖስ «ስካነር» ይሉታል፣ ሌላው ጋ «አሺዓ መቅጠዒያ»። ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ከከፍታ ለወደቀና ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው፣ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰሱን በፍጥነት የሚነግረው እርሱ ነው። ጭንቅላቷ ተመትቶ የምታስመልስ፣ የምትደነዝዝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላት፣ ራስ ምታቷ እየባሰ የሚሄድ እኅት ካለች «ትተኛና ይሻላታል» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። በሙቀት አገር ውኃ ሳይጠጡ ለሚውሉት ለሚበዛው የኩላሊት ጠጠርም ሁነኛ ነው።

የሲቲ ጨረር ከተራ ራጅ ይበልጣል፤ የሆድ ሲቲ ወደ 10 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፣ ማለት የሦስትና የአራት ዓመት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው። በሚያስፈልግበት ጊዜ አይፈራም፤ «ለማንኛውም» ተብሎ ግን አይታዘዝም። አንዳንዴ በደም ሥር ቀለም ይሰጣል፣ «ሲብጋ» የሚሉት። ሲገባ ሰውነት በሙሉ ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። አላመለጠም፤ አትፈሩ። አስቀድማችሁ ግን አለርጂ ካለባችሁ፣ የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ፣ ለስኳርም ሜትፎርሚን የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ።

ኤም አር አይ ደግሞ ጨረር የለውም፤ የሚሠራው በማግኔት ነው። ማግኔቱ ከመሬት ማግኔት 30 ሺህ ጊዜ ያህል የሚበረታ ሲሆን ሌሊትም ቀንም አይጠፋም። ጅማትን፣ ነርቭን፣ አንጎልን፣ የአከርካሪን ትራስ እርሱን የሚያህል የሚያሳይ የለም። ጠባብ ዋሻ ውስጥ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኝቶ መቆየት አለ፤ ድምፁም እንደ ድንጋይ መፍለጫ ነው። «ላ ተተሐረኪ» ማለት አትንቀሳቀሺ ነው። ከተጨነቃችሁ እጃችሁ ላይ የሚሰጧችሁን ኳስ ጭመቁ፣ ያወጧችኋል። መርፌ ቁልፍ፣ የጠጉር ስፒል፣ ዊግ፣ ጉትቻ፣ ምንም ብረት ይዞ አይገባም። ሉፕ፣ በክንድ ውስጥ የተቀበረ የወሊድ መከላከያ፣ የቆየ ንቅሳት፣ በሰውነት ውስጥ የቀረ የጥይት ወይም የፈንጂ ፍንጣሪ ካለ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ከሰሜን የመጣችሁ እኅቶች የመጨረሻውን በተለይ አትርሱት። ብዙው አይከለክልም፤ ማወቅ ግን አለባቸው።

በማዳም ፊት የማይመለስ ጥያቄ

ከራጅና ከሲቲ በፊት «ሐሚል?» ይባላል፤ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ማለት ነው። የሚጠየቀው ጨረሩ በማሕፀን ያለውን እንዳይነካ ነው። ይህ ጥያቄ በማዳም ፊት ሲመጣ ስንት እኅት «የለም» ብላ እንደገባች እግዚአብሔር ያውቃል። ባገባችሁም ባላገባችሁም፣ በማንኛውም መንገድ በመጣ ነገር፣ ወር አበባችሁ የቀረባችሁ ከሆነ ሴት ነርስ ለይታችሁ በጆሮዋ ንገሯት። አሠሪ ከክፍሉ እንድትወጣ መጠየቅ ይቻላል፤ ራጅ ክፍል ውስጥማ እንዲያውም ሌላ ሰው አይቆምም። ሳያውቁ ተነሥተው ከሆነም አትጨነቁ፤ የእጅና የደረት ራጅ ወደ ፅንሱ የሚያደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለሐኪም መንገር ብቻ ነው። ለመናገር የቸገራችሁ ወደ እኛ ደውሉ፤ የሰማነውን አናወራም።

በመጨረሻም ሥዕላችሁን ያዙ። ፊልም ከሆነ አትጠፉት፣ አትጠቅልሉት፣ ሙቀት ካለበት አርቁት። ሲዲ ከሆነ ከጽሑፍ ውጤቱ ጋር በአንድ ላይ አስቀምጡ። ሥዕሉ የእናንተ ሰውነት ነው፤ ቅጂ ይሰጠኝ ብትሉ ነውር የለበትም። ማዳም መሳቢያ ውስጥ የቀረ ራጅ ሀገር ቤት ላለው ሐኪም አይጠቅመውም፤ እርሱ እንደገና ያስነሣል፣ እናንተም እንደገና ትከፍላላችሁ።

በመግቢያችን ያነሣናት እኅት እጇ በጀሶ ታሰረ። አሠሪዋ ሁለተኛውን ሥዕል ስታይ ይቅርታ አላለችም፤ ደመወዟን ግን አልቈረጠችም፣ ለከባዱ ሥራም በሳምንት ሁለት ቀን ሰው አስገባች። ጀሶው በ10ኛው ሳምንት ተፈታ። ሁለቱ ራጆች አሁን በአንድ ፖስታ ሆነው በእኅታችን ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ባለፈው እሑድ አውጥታ ጎን ለጎን ይዛ አሳየችን፤ ስብራቱ የት እንዳለ እያወቅንም በመጀመሪያው ላይ ብንፈልገው አጣነው።